ካሜራው እምቢ ያለ ዕለት

ውድ እህቴ፣

ትናንት እማዬ ከስክሪኑ ፊት ንቅንቅ አልልም ስላለች፣ ካንቺ ጋር ሁለት ቃል እንኳ ሳንለዋወጥ ቀረን። ሳልነግርሽ ውዬ ባድር ልፈነዳ ነው፤ ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ኮምፒውተሩ ሰሞኑን ኤሊ ሆኖ ነበር። ምስሉ ድርቅ እያለ፣ እማዬ በእጇ የምትነግርሽ ነገር ግማሹ አየር ላይ ይቀራል። በስልክ እንዳናደርገው፣ መስማት የማትችል እናት በደከመ ዓይኗ በዚያች ጠባብ መስኮት ጣቶችሽን እንዴት ትለይ? ስለዚህ ከቀጠሯችሁ በፊት ልገላግላት ብዬ ፎርማት አደረግኩት፤ ያለበትን ሁሉ ጠርጌ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫንኩት። በረረ! ጮቤ ረገጥኩ። ካሜራውን ስከፍት ግን ድቅድቅ ጨለማ። "ካሜራ አልተገኘም" ይለኛል፤ ካሜራው እኮ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል!

እማዬ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ ተቀምጣለች። ፊቴን አየችና በእጇ "ምን አበላሸህ?" አለችኝ።

"ምንም" አልኳት፣ እኔም በእጄ።

"እጅህ እየዋሸ ነው።"

ሰፈራችን ጥግ ላይ ላለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ደወልኩለት። "የካሜራው ድራይቨር ጠፍቶ ነው" አለኝ። ለካ ኮምፒውተሩንና ካሜራውን የሚያግባባ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ እኔና አንቺ ሱቅ ስንሄድ ለእማዬ እንደምናስተረጉመው ማለት ነው። አስተርጓሚውን አብሬ ጠርጌዋለሁ!

"ሞዴሉ ምንድን ነው?"

"ጥቁር ነው።"

"አንተ ሰው፣ ቀለሙን ማን ጠየቀህ! ካሜራውን ነቅለህ ገልብጥና ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። ከዚያ ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አውርድ። ያገኘኸውን ሁሉ እንዳትጭን ብቻ።"

ይህን ሲለኝ ያገኘሁትን ሁሉ ጭኜ ጨርሻለሁ።

የጫንኩትን አጠፋፋሁ። ጽሑፉ ተፋፍቆ ስለነበር እማዬ የስልኬን መብራት ያዘችልኝ፤ እኔ ፊደል በፊደል ለቀምኩት። አወረድኩ፣ ጫንኩ፣ አጥፍቼ አበራሁ። ከካሜራው ጎን ያለችው ትንሽ መብራት ቦግ ስትል እንዴት እንደጮህኩ! ጎረቤቱ ሁሉ ደነገጠ፤ ያልደነገጠች እማዬ ብቻ ናት።

ከዚያ ልጅሽን ታቅፈሽ ብቅ አልሽ። ያቺ ጉድ ደግሞ ጡጦውን ስታይ ትንሿን ጭብጧን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ፤ እኛ ቤት "ወተት" የምንልበት ምልክት! ገና አፏን ሳትፈታ! አንቺም አይተሽ በደስታ አለቀስሽ።

ያላየሽው ከተሰነባበታችሁ በኋላ የሆነውን ነው። እማዬ ከወንበሯ አልተነሳችም።

"የእህትህን የመጀመሪያ ቃል አባታችሁ ነገረኝ" አለችኝ። "ያንተን ጎረቤት ነገረችኝ። የዚችን ግን ማንም አልነገረኝም። እኔው ራሴ አየሁት።"

ይኸው ነው፣ እህቴ። ቶሎ ቶሎ ብቅ በሉልን፤ ድራይቨሩን ፍላሽ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ካሁን በኋላ ማንም አያጠፋውም። ያችን ወሬኛ በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ