ሦስት ጊዜ ስለተሰጠን አንድ ወንበርና አንድም ጊዜ ስላልተጠገነው ሊፍት

ለከተማችን የበጎ አድራጊ ባለሀብቶች ሽልማት ኮሚቴ
ለክቡር ሰብሳቢው

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጉልበትዎንስ እንዴት አደረገዎ? ባለፈው ዓመት በዓል መድረኩን ሲወጡ ቆም ብለው ጉልበትዎን ሲያሹ አይቼ አዝኜ ነበር። ዘንድሮ ግን ለመድረኩ ደረጃ የእጅ መደገፊያ ተበይዶለት፣ ምንጣፍም ተነጥፎለት መጠናቀቁን ስሰማ እፎይ ብያለሁ። ኮሚቴው አንድን ሰው ከወደቀ በኋላ ሳይሆን ከመውደቁ በፊት ማሰብ እንደሚችል በዓይኔ ማየቴ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ድፍረት ሰጥቶኛል።

እኔ በየዓመቱ ከፊት ረድፍ በስተግራ፣ ካሜራው በቀላሉ በሚያገኘው ቦታ የምቀመጠው ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ ወንበር የሚሰጠው ሰውዬ ነው። በፕሮግራማችሁ ላይ የምንጠራው «ተረጂውና ባለቤቱ» ተብለን ስለሆነ ስማችንን ጽፌ አላደክምዎትም። የፊታችን ቅዳሜ የብርድ ልብስ ፋብሪካው ባለቤት፣ የመድረክ መሪያችሁ «አባ ሙቀት» ያላቸው ጌታ፣ ለአራተኛ ጊዜ የዓመቱ በጎ አድራጊ ተብለው ይሸለማሉ። እኛም ለአራተኛ ጊዜ ተጠርተናል። ከዚያ በፊት ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና ላቅርብ ብዬ ቢሮዎ ተመላልሼ ነበር፤ ሁልጊዜም ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ደብዳቤዬን በአደባባይ አወጣሁት። ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛው የወንበሩ ነገር ነው። ተሽከርካሪ ወንበሩ ያማረ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ጎማው አይጮህም፣ መቀመጫው ለስላሳ ነው፣ ከኋላው የፋብሪካው ስም ከሩቅ በሚነበብ ፊደል ተጽፎበታል። የእኛ ቤት ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። መውጫዋ የሚጠማዘዝ የብረት ደረጃ ሲሆን፣ በሯን ደግሞ እኔ የጨርቅ ጥቅል ይዤ ጎኔን ካላዞርኩ አላልፋትም። ወንበሩ ደረጃውን አልወጣ አለ፤ ቢወጣም በሩ አያስገባውም ነበር። ይህን ስናስረዳ የፋብሪካው አስተዳደር፣ ምስጋና ይግባውና፣ ወንበሩን በአደራ ሊያስቀምጥልን መልሶ ወሰደው። በዓመቱ ታጥቦ፣ ሪባን ታስሮለት መድረክ ላይ እንደገና ተሰጠን፤ በሌላውም ዓመት እንደዚያው። አንድን ዕቃ ለአንድ ሰው ሦስት ጊዜ መለገስ ማንም የማይችለው ቸርነት ነው። በመሀሉም ወንበሩ ሥራ ፈቶ እንዳይከርም የፋብሪካው ጥበቃ በር ላይ ይቀመጥበታል። ለወገቡ ተስማምቶታል ሲባል ሰምተን ደስ ብሎናል።

ሁለተኛው ስለ ወጣቶቹ ነው። በበዓሉ ቀን አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ አራት ልጆች ትልኩልናላችሁ፤ «ቀስ፣ ግድግዳውን እንዳትነኩ» እየተባባሉ ባለቤቴን እንደ ቁም ሳጥን ያወርዱታል። ግድግዳውን አንድም ቀን አልነኩትም፤ ባለቤቴን ግን ክርኑን ልጠውታል። በዓሉ ሲያልቅ መኪናችሁ ደረጃው ሥር ያራግፈንና ይሄዳል፤ ልጆቹ እራት ላይ ናቸው። አምና ጎረቤታችን በያጁ ከሥራው እስኪመለስ ድረስ እታች ቁጭ ብለን ጠበቅነው። በያጁ እንደ ደከመው ባለቤቴን በጀርባው አዝሎ አወጣው፤ እስካሁን ግን ኮሚቴው ለሽልማት አላጨውም። ባለቤቴ ሲቀልድ መሰጠቱን ለምጄዋለሁ፣ የሚከብደኝ መመለሱ ነው ይላል። ከዚያች ቀን በቀር ከቤት ወጥቶ ስለማያውቅ ቀልዱን ቀኑን ሙሉ የሚሰማው እኔና ግድግዳው ብቻ ነን።

ሦስተኛውን ለጊዜው ዘልዬዋለሁ።

አራተኛው፣ በሕንጻችን ፊት ላይ ከላይ እስከ ታች የሰቀላችሁት የአባ ሙቀት ምስል ነው። መስኮታችን ልክ በአፋቸው ትክክል ስለዋለ ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ የሚያየው የእሳቸውን ጥርስ ከጀርባ ሆኖ ነው። ቀድሞ በመስኮቱ መንገዱን ያይ፣ ማን ከማን ጋር እንደታረቀ ይነግረኝ ነበር። አሁን እኔም በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቼ እሰፋለሁ። ሸራው ለበዓሉ ተብሎ የተሰቀለ ነው ብለን ጠብቀን ነበር፤ ግን በዓሉ አልፎ በዓል መጣና እሳቸው እዚያው ናቸው።

አምስተኛው ትንሽ ነገር ነው። አምና የበዓላችሁ አስተባባሪ «ተስፋ» የሚለው ቃል ሲነገር እንዳለቅስ አደራ ብላኝ ነበር፤ እኔ የተሰበሰበውን ሰው ቀሚስ አሰፋፍ እያየሁ ቃሉ አመለጠኝ። ካሜራ ያዡ በትሕትና አስደግሞናል። የሕዝብ ጊዜ በማባከኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እንግዲህ ወደ ዘለልኩት ልመለስ። ባለቤቴ የዘለልሽውን እንደ ዘለልሽ ጨርሺው ብሎኝ ነበር፤ ሆድ ይፍጀው ብዬም ሞክሬአለሁ። አልቻልኩም።

ባለቤቴ ወገቡን ያጣው በዚያው ፋብሪካ የዕቃ ሊፍት ላይ ጫኝ ሆኖ ሲሠራ ነው። በቋጠሮ ተቀጥሎ የነበረው ገመድ ተበጥሶ እሱና የብርድ ልብሱ ጥቅል ከላይኛው ፎቅ አብረው ወረዱ። ብርድ ልብሱ ምንም አልሆነም። ከአደጋው በኋላ ሊፍቱ አረንጓዴ ቀለም ተቀባ፤ በላዩም «ለዕቃ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈበት። ደረጃው ግን እስከ ጣሪያ በጥቅል ስለተሞላ ሠራተኛው ላይኛው ፎቅ የሚደርስበት ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ በሊፍቱ ይወጣል፤ ቢወድቅ ደግሞ ጽሑፉን ጥሶ የወደቀ ይሆናል። እንዲህ ያለ ብልሃት የሚያስብ ጭንቅላት ምንም ሽልማት አይበዛበትም። የሊፍቱ በር ቁልፍ ዛሬም በሽቦ ነው የሚታሰረው፤ ገመዱም እንደገና በቋጠሮ ተቀጥሎ ነው የተመለሰው።

ይህን እንዴት አወቅሽ ይሉኝ ይሆናል። ልጃችን ነግራን ነው። አምና አባ ሙቀት የተረጂውን ልጅ በአባቷ ቦታ ቀጥረዋል ተብሎ ሲታወጅ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። አባቷ ግን እጁን ከወንበሩ ክንድ ላይ አላነሳም። «በአባቷ ቦታ» ሲባል ቦታው የት እንደሆነ ከሁላችን ቀድሞ የገባው እሱ ነበር። አሁን የቤታችንን ኪራይ የምትከፍለው፣ የአባቷን መድኃኒት የምትገዛው እሷ ናት። የእኔ መርፌ ከክር መግዣ አያልፍም።

በዚህ ሳምንት አስተባባሪዋ ደረጃችንን ወጥታ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ባለቤቴ ቅዳሜ የሚናገረውን በትዕግሥት አስጠናችው። ንግግሩ አጭር ነው። መሀሉ ላይ ግን «አደጋው የደረሰብኝ በራሴ ጥንቃቄ ጉድለት ነው፤ እሳቸው ግን አልጣሉኝም» የሚል አለበት። ባለቤቴ እዚያች ላይ ሲደርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እሷም ስትወጣ በሩ ላይ ወደ እኔ ዘወር ብላ «እትዬ፣ ልጅዎ ሥራውን እንዴት ይዛዋለች? ጎበዝ ናት ይላሉ፤ እንዳይበላሽባት» አለችኝ። ፈገግታዋ የደግ ሰው ፈገግታ ነበር። እኔ ግን ከዚያ በኋላ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኝ ዋልኩ።

ክቡር ሆይ፣ እግር ተወርች መታሰር የሚባለው ይህ ነው። ባለቤቴ ያንን ቃል ከተናገረ ሊፍቱ በሕዝብ ፊት ነጻ ይወጣል፤ ጥፋተኛው ራሱ አምኗል ተብሎም ማንም አይጠግነውም፤ ልጄም በየቀኑ ትሳፈርበታለች። ካልተናገረ ልጄ ከሥራ ትወጣለች፤ እኛም ከዚህች ክፍል እንወጣለን፤ ባለቤቴን ማን ተሸክሞ የት እንደሚያደርሰው ግን አላውቅም። ይህን ስጽፍ እፈራለሁ። ልጄ ከሥራ እስክትመለስ ድረስ ደረጃው ላይ የኮቴ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሌላ ሰው መርዶ ሊነግረኝ የመጣ ይመስለኛል።

ባለቤቴ ግን ወስኗል። ስለ ራሴ ወገብ ብዋሽ ግድ የለኝም፣ በልጄ ወገብ ላይ ግን አልፈርምም ብሎኛል። ቅዳሜ ይመጣል፣ ወንበሩንም ይቀበላል፣ ያንን ቃል ግን አይናገርም። ይልቁንም አንድ ትንሽ ልመና አለን። ሜዳሊያው ከመንጠልጠሉ በፊት ክቡርነትዎና ተሸላሚው ጌታ አብራችሁ፣ ከሙሉ ጭነት ጋር፣ በዚያ ሊፍት አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ላይኛው ፎቅ ብትወጡልን። በሰላም ከደረሳችሁ ባለቤቴ የተባለውን ሁሉ አፉን ሞልቶ ይናገራል። ለመውጣት ካልደፈራችሁ ደግሞ ምክንያታችሁን ለሕዝቡ ንገሩት፤ ያኔ የባለቤቴ ንግግር አያስፈልግም።

ለጉልበትዎ ምሕረትን፣ ለኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለአባ ሙቀትም ደረታቸው እስከሚችለው ድረስ ሜዳሊያን እየተመኘሁ፣ ባለውለታነታችሁን በየዓመቱ እንዳንረሳ ስለምታስታውሱን እጅ እየነሳሁ፣

በምስጋና ብዛት መንቀሳቀስ ያቃታት
የተረጂው ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ከወጣ በኋላ ልጄ ከሥራ መባረሯ እንደማይቀር አውቃለሁ። ስለዚህ አደራ የምልዎ መባረሯ እንዳይዘገይ ነው። የምንበላው ባይኖረንም የተባረረች ዕለት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ ከዚህ ኮሚቴ የተቀበልነው የመጀመሪያው እውነተኛ ስጦታ እሱ ነውና፣ ከልቤ አመሰግናለሁ። እስከዚያው ግን ክቡርነትዎ ይህን በሚያነቡበት ሰዓት እሷ ሥራ ላይ ናት።