አንድ ጊዜ «ተው» እንድልዎ ይፈቀድልኝ

ቀን፦ ግንቦት 10 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለደወል የስልክ ጥሪ ማሳመሪያ አቅራቢ ድርጅት
የንፋስ መውጫ ወኪል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ንፋስ መውጫ

አመልካች፦ መሪጌታ እንድርያስ ይርጋ
አድራሻ፦ ታች ጋይንት ወረዳ፣ አርብ ገበያ አጠገብ

ጉዳዩ፦ በዜማ ስም ስልኬ ላይ የተጫነብኝ ዘፈን እንዲነሣልኝ፤ ይህ የማይቻል ከሆነ «ተው» ለማለት ፈቃድ እንዲሰጠኝ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣ ስምዎን ባላውቅም ወንበርዎን አክብሬ፣ እጅ እየነሣሁ የሚከተለውን አመለክታለሁ።

1. እኔ አመልካች በደብራችን በመሪጌታነት የማገለግል፣ ዕድሜዬን ድጓ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። ስልክ የያዝሁት ፈልጌ አይደለም። ልጄ ልዕልት ወደ እስቴ ልትዳር ስለሆነ፣ «አባዬ፣ ስርቅዎ ድምፅዎን እንኳ ልስማ» ብላ ገዝታ ሰጠችኝ። እንባዬን ደብቄ ተቀበልኋት።

2. ከፋሲካ በኋላ ከድርጅትዎ መልእክት ደረሰኝ። ቃሉም እንዲህ ይላል፦ «ውድ ደንበኛችን፣ እንደምን አሉ? ለሚደውሉልዎ ወዳጆች መልካም ዜማ ያሰሙ። ከፈለጉ እሺ ብለው ይላኩ።» ላኪው «ደወል» ነው፤ የሚሰጠው «ዜማ» ነው። እኔ ምን ልጠርጥር? በእኛ ዘንድ ዜማ ማለት ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ዘፈን ይባላል፤ ይህን ለመለየት ገና ፊደል የቆጠረ ተማሪ አይቸገርም። በስተርጅና የሚያስታውሰኝ መሥሪያ ቤት ተገኘ ብዬ ደስ አለኝና መነጽሬን ሰክቼ «እሺ» ብዬ ላክሁ። ለተማሪዎቼም ከእንግዲህ ለእኔ የሚደውል ሁሉ ድጓ እንደሚሰማ በኩራት ነገርኋቸው። አንዱም አልሳቀ፤ ለካ ሁሉም ስልክ አያውቁም ኖሯል።

3. የድርጅትዎ ሥራ አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው። የተጫነብኝን ነገር አገር ሁሉ ይሰማዋል፤ ባለቤቱ እኔ ብቻ አልሰማውም። በእኔ ጆሮ ስልኬ እንደ ቀድሞው ጭርር ነው የሚለው። ሰው በመንገድ ሲያገኘኝ አፉን በነጠላው ሲሸፍን እያየሁ፣ ጉንፋን ገብቷል ብዬ ሳዝንላቸው ሰነበትሁ።

4. በዚህ መካከል የልጄን እጮኛ አባት፣ በእስቴ መካነ ኢየሱስ የሚኖሩትን ቄስ ኃይለ ሚካኤልን፣ ነገሩ አገኛቸው። የሰርጉን ነገር ሊያማክሩኝ ዓርብ ቀን ደወሉ። እኔ ገበያ ወጥቼ ስልኩን ቤት ጥዬዋለሁ፤ ባለቤቴ ወይዘሮ የትናየትም ውኃ ወርዳ ነበር። ቄስ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ አንዲት ሴት «ባሌ ገበያ ነው፣ ና በጓሮ ግባ» እያለች ዘፈነችላቸው። ደግመው ቢደውሉ ያችው ሴት ያንኑ አለቻቸው። ክቡር ሆይ፣ እውነትም ገበያ ነበርሁ! ቤታችንም ጓሮ አለው።

5. ቄስ በማግስቱ ዘመዳቸውን አቶ ሥዩምን ላኩብኝ። እኔም በቤቴ ዘፈን የሚባል እንደሌለ በሚካኤል ስም ማልሁ። አቶ ሥዩም ከጎኔ እንደተቀመጡ በራሳቸው ስልክ ደወሉልኝ። የእኔ ጭርር ይላል፤ እሳቸው በኀዘን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ስልካቸውን እኔ ጆሮ ላይ አደረጉት። ነገሩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ባለሙያ ነኝና ሐቁን አልደብቅም፤ ሴትዮዋ ድምፅ አላት፣ አወራረዷም ወደ አራራይ ይጠጋል። ቃሉ ግን አዋረደኝ። የትናየት ደግሞ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ቆይታ፣ «እኔ መቼ ነው በጓሮ ሰው የጠራሁት?» ብላ እኔኑ ተቆጣችኝ።

6. የዚያኑ ዕለት መልእክትዎን እንደገና ባነብ «ለማቋረጥ ተው ብለው ይላኩ» የሚል አገኘሁበት። ክቡር ሆይ፣ እኔ «ተው» የምለው ለበሬዬና ጠብ ለያዘ ተማሪ ነው። «እንደምን አሉ» ብሎ በአክብሮት የጠየቀኝን መሥሪያ ቤት እንዴት አድርጌ አንተ እላለሁ? ስለዚህ «ተዉ» ብዬ ላክሁ። «የላኩት ቃል ትክክል አይደለም» ተባልሁ። «ይተዉልኝ» አልሁ፤ ያው መልስ መጣ። አክብሮቱ አንሶ ይሆናል ብዬ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እባክዎን ይተዉልኝ» ብዬ ብጽፍ፣ ድርጅትዎ ከዚያ ሁሉ ቃል መርጦ «እሺ»ን ብቻ ሰማና ሁለተኛ ዘፈን መረቀልኝ። ይህኛው «ቅጂልኝ፣ ቅጂልኝ፣ እስኪነጋ ድረስ» የሚል ነው። ቄስ ኃይለ ሚካኤል እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ምናልባት ተጸጽቶ ይሆናል ብለው በቅን ልብ ደውለው የሰሙት ይህንን ነው።

7. ሰኞ ተነሥቼ በመኪና ንፋስ መውጫ መጣሁ። እርስዎ ለስብሰባ ወጥተው ስለነበር ያነጋገረችኝ ሠራተኛዎ ሕሊና ናት። ትሑት ልጅ ናት፤ ወንበር ሰጥታኛለች። «አባቴ፣ የሚመልሰው ማሽን ነው እኮ፤ ማሽን አይቀየምም፤ ተው ይበሉት» አለችኝ። ማሽን ከሆነ እንዴት እንደምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ አልኋት። ስልኩን ይስጡኝና እኔ ልላክልዎ ብትልም አልሰጠኋትም። ከእኔ ስልክ የወጣ ቃል የእኔ ቃል ነው፤ ብልግናን በልጅ እጅ አልልክም። ግትር ነው ይሉኝ ይሆናል፤ የትናየትም ይህንኑ ብላኛለች፣ እርስዎ አይድገሙት።

8. አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ ልምጣ። ሰርጉ የተቆረጠው ጾመ ሐዋርያት ሳይገባ፣ ለግንቦት 20 እሑድ ነው። ጠላው ተጠንስሷል፤ ዳሱ ሊጣል ነው። አቶ ሥዩም ትናንት ተመልሰው መጥተው የቄስን ቃል እንዲህ ሲሉ አደረሱኝ፦ «ልጅቱን እንወዳታለን። ቤቱን ግን ፈራነው። ቅዳሜ የሚካኤል ዕለት አንድ ጊዜ እደውላለሁ፤ ዘፈን ከሰማሁ ልጄን ወደዚያ ቤት አልሰድም።» ልዕልት ይህን ስትሰማ ወደ ጓሮ ወጥታ አለቀሰች። ያን ስልክ የገዛችው በገዛ እጇ ነውና ጥፋቱን ለራሷ አድርጋዋለች። እኔ በሰው ፊት ብዋረድ እችለዋለሁ፤ የልጄን ልቅሶ ግን አልቻልሁትም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው፦

ሀ) ሁለቱም ዘፈኖች ከቅዳሜ በፊት ተነሥተው ስልኬ ለደዋዩም ጭርር ብቻ እንዲል፤

ለ) በምትኩ ሌላ እንዳይጫንብኝ፤ መዝሙርም ቢሆን ይቅርብኝ። ልጄ እስቴ ሆና ናፍቃ ስትደውል ቀድሞ የሚቀበላት የአባቷ ድምፅ ይሁን፤

ሐ) ወደፊት ለካህናት በሚልኩት መልእክት ላይ ዘፈንን ዘፈን ብለው እንዲጠሩት፤

መ) መልሱን በሰው እንዲልኩልኝ። እባክዎን አይደውሉልኝ፤ ቢደውሉ የሚያነጋግርዎ ማን እንደሆነ ያውቁታል።

ይህ ሁሉ እስከ ቅዳሜ የማይደርስ ከሆነ ግን፣ ከቅዳሴ እንደወጣሁ፣ ቄስ ሳይደውሉ በፊት፣ መነጽሬን ሰክቼ «ተው» ብዬ እልካለሁ። ይህን የማደርገው ክብርዎን ዘንግቼ ወይም ንቄዎ አይደለም፤ ልጄን ልድር ብዬ ነው። በዕድሜዬ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ አንተ እንድልዎ ከወዲሁ ፈቃድዎን እለምናለሁ። ከላክሁ በኋላ ወዲያው የይቅርታ መልእክት መላክ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን በውስጡ «እሺ» የሚል ቃል ቢያመልጠኝ ምን እንደሚዘፈንብኝ ስለማላውቅ፣ ይቅርታውን እዚሁ ደብዳቤ ላይ አስቀድሜ ጠይቄያለሁ።

እጅ በመንሣትና በሰላምታ

(ፊርማ)
መሪጌታ እንድርያስ ይርጋ

ግልባጭ፦
ለቄስ ኃይለ ሚካኤል፣ መካነ ኢየሱስ (በአቶ ሥዩም እጅ)። ቅዳሜ ሲደውሉ እባክዎን ትንሽ ረፈድ አድርገው ይደውሉ።