«ዓመቱን ሙሉ አጋር ነበረዎት?»

ሰኞ፣ መጋቢት 15

አዎ ብዬ መለስኩ። የሆላንድ ግብር ቅጹ ጥያቄ «ዓመቱን ሙሉ የግብር አጋር ነበረዎት?» ይላል። አጋር የሚሉት ባልን ነው። ታደሰ ያረፈው በጥቅምት ነው፤ ያለፈው ዓመት ጳጉሜን ላይ ሲያልቅ አጠገቤ ተቀምጦ ዜና ያይ ነበር። ስለዚህ አዎ።

የግብሩን ነገር ሁልጊዜ የሚሠራው እሱ ነበር። የእኔ ድርሻ ከጎኑ ሆኜ የፊደል ስህተቱን ማረም ነበር።

አልላክሁትም። ነገ ለሚያውቅ ሰው አሳያለሁ። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ።

ማክሰኞ

በሰፈሩ አዳራሽ ግብር በነጻ የሚያግዙ አሉ። ኢነከ የምትባል፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነች ሆላንዳዊት ደረሰችኝ። ታደሰ ያረፈበትን ቀን ጠየቀች፣ ነገርኳት።

«ታዲያ እንዴት ዓመቱን ሙሉ አሉ?»

የእኛ ዓመት በመስከረም እንደሚጀምር አስረዳኋት። ሳቀች፤ በክፋት አይደለም። «እዚህ ዓመቱ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው» አለች። አፈርኩ። ሮተርዳም ዙይድ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ! ሐሰት ልፈርም ነበር።

ከዚያ የባሰ ግራ የሚያጋባ ነገር አመጣች። ባል በሞተበት ዓመት፣ ሚስት ከፈለገች፣ ዓመቱን ሙሉ አጋር እንደነበራት ሊቆጠርላት ይችላል። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ብዙ ጊዜም ይጠቅማል። ግን ወራሽም መስማማት አለበት። ወራሽ ያለችው ልጃችን ሶስና ናት።

«ሐሰት አይሆንም?»

«ምርጫ ነው።»

እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበረም። ወይ ልክ ነው፣ ወይ ስህተት ነው፤ ስህተት ከሆነ እጅሽን ትዘረጊያለሽ።

ረቡዕ

ሶስና አላነሳችም። «ማማ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ቅዳሜ እመጣለሁ» ብላ ጻፈች። የምትኖርበት ራይስዋይክ በባቡር ቅርብ ነው። የሚያናድደኝ ቅርብ መሆኑ ነው።

ዛሬ በድምፅ የተናገርኩት፦
ለፖስተኛው ምስጋና፣ «ዳንክ ዩ ቬል»።
ለጎረቤት ድመት፣ «ሂጂ ከዚህ»።
ለስልኩ፣ «አንሺው እንጂ»።

ቅዳሜ

ሶስና መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ኮምፒውተሩ ፊት ቆመች።

«ማማ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነው። ዓመቱን ሙሉ በይ፣ ክላር፣ አለቀ!»

«አልልም።»

«ለምን? ሕጉ ራሱ ይፈቅድልሻል። እኔም ተስማምቻለሁ።»

«ኖቬምበርና ዲሴምበርን ብቻዬን ነው የኖርኩት። አብሮኝ ሰው ነበር ብዬ አልፈርምም።»

«ብቻሽን? በየሳምንቱ እመጣ አልነበር እንዴ?»

«ትመጪ ነበር። እንዳሁኑ ቆመሽ።»

ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ «አቤት ድርቅናሽ! አባባ እንዴት እንደቻለሽ» ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ቀልቶ ነበር። «እስከ ሞተበት ቀን ድረስ» የሚለውን ራሷ መረጠችልኝ። ፈረምኩ፣ ላክነው። እስኪመሽ አልሄደችም።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሶስና ደወለች። ምንም ጉዳይ አልነበራትም። ጾም መሆኑን ረስታ ስለ ዶሮ አወራችኝ፣ እኔም አላረምኳትም። ልትዘጋ ስትል «የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ቀላል ነው ማማ፤ አጋር የለኝም ማለት ብቻ ነው» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው።

ልክ ናት። መልሱ አንድ ነው፣ የሚያጠራጥር ነገር የለበትም። ግራ የሚያጋባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።