አስታማሚ የሌለበት የሥልጠና መጽሐፍ

ለተከበሩ ዶክተር ሊሳንድሮ ኡርቢና
የሆስፒታል ሥልጠና ጽሑፎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቴጉሲጋልፓ

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ከነቤተሰብዎ በሰላም ውለው እንድታገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ በተራራው ከተማ ሆስፒታል የምንሠራ ነርሶች፣ ከሰሜን አሜሪካ አስመጥታችሁ ለእኛ እንዲስማማ ወደ ስፓኒሽ የመለሳችሁልን የስትሮክ ሕሙማን አያያዝ መጽሐፍ ስለደረሰን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ቅር ያሰኙን ጥቂት ነገሮች ቢኖሩ ነው እንጂ ጊዜዎን ባልሻማሁ ነበር።

አንደኛ፤ ስፓኒሹ እንከን አይወጣለትም። ሥዕሎቹ ላይ ግን እያንዳንዱ ሕመምተኛ የራሱ ነርስና መጥሪያ ደወል አለው። በእኛ ክፍል ሕመምተኛው የሚጠራው ነርሷን ሳይሆን ሴት ልጁን ነው። ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ የምታድረው፣ የምታጥበው፣ የምታገላብጠውና የምታጎርሰው እሷ ናት። ከዋና ከተማው ለጉብኝት የመጣ ሁሉ ካርቶኑን ተሻግሮ ስላለፈ ይህ ለጽሕፈት ቤትዎ አዲስ ወሬ አይሆንም።

ሁለተኛ፤ መጽሐፉ የስትሮክ ሕመምተኛ መዋጥ መቻሉ ሳይፈተሽ በአፉ ምንም እንዳይገባ ያዛል። ልክ ነው። ትእዛዙ የተጻፈው ግን ለማናጎርሰው ለእኛ ነው። ለአስታማሚዎች የሚነበብ አንድ ገጽ እንዲጨመርልን ብንለምን፣ «አስታማሚ በዋናው መጽሐፍ ውስጥ የለም» የሚል ጨዋ መልስ ከጽሕፈት ቤትዎ ደረሰን። እኛም ሠለጠንን፣ ተፈተንን፣ ሁላችንም አለፍን። ስለ እንኳን ደስ አላችሁ ደብዳቤዎ እግዜር ይስጥልን፤ ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ዶን ቶሪቢዮ ይባላሉ። የታወቁ አናጢ ነበሩ። ስትሮክ መትቷቸው የመጡ ዕለት እኔ ከክፍሉ ማዶ ለሌላ ሕመምተኛ ጉሉኮስ እተክል ነበር። ልጃቸው ኒዲያ አባቷ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ የራባቸው መስሏት፣ ከቤት ያመጣችውን የበቆሎ አጥሚት በማንኪያ አጠጣቻቸው። አባቱን የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረገችው። አጥሚቱ ወደ ሳንባቸው ገባ፤ በሳምንቱ ቀበርናቸው። ለቅሶ ላይ ጎረቤቶቿ፣ «አይዞሽ፣ ከእጅሽ በልተው ነው የሄዱት» እያሉ ሲያጽናኗት ቆሜ ሰማሁ። ክቡር ሆይ፣ ጨዋነቴ እዚህ ላይ አልቋል።

አሁን ያ ገጽ ቢመጣ ለዶን ቶሪቢዮ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ዛሬ በአልጋቸው ላይ ለተኛው ሰው ግን ይደርሳል፤ ሚስቱ ምግብ ቋጥራ መጥታለች። እኛ ገጹን በእጃችን ጽፈን ለአስታማሚዎቹ እያነበብንላቸው ስለሆነ፣ ያለ ፈቃድ ዋናውን መጽሐፍ በማበላሸታችን አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን።

መጽሐፍዎን ሳያጓድሉ በቃላቸው ያጠኑትን ነርሶች ሁሉ ወክዬ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ዙሌማ ፓቮን
የወንዶች ክፍል ነርሶች ኃላፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኒዲያ ከቀብሩ በኋላ ክፍላችን ድረስ መጥታ፣ «ሲስተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ?» አለችኝ። አይደለሽም አልኳት፤ አላመነችኝም። ስለዚህ የቢሮዎን አድራሻ ሰጥቻታለሁ። ስፓኒሽ አሳምራ ትናገራለችና አስተርጓሚ ፍለጋ አይድከሙ።