አሞራውን ያቀረበችልኝ ካሜራ

ለምወድሽ እታለም፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ ልቤ አንቺ ዘንድ ነው፤ እጄ ግን ከስፌት መኪናው አልላቀቅ ብሎኝ መልሱ ዘገየ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትደግፊያለሽ ወይስ የሐኪሙ ቅባት ሠራልሽ? እማዬ እንቅልፍ ይወስዳታል? አባባስ ራዲዮኑን አሁንም ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ይከፍቱታል? እኛ ቤት ጤና ሞልቷል፤ የጎደለው ያንቺ ሳቅ ብቻ ነው።

ልጅሽ ትምህርቷን ጨርሳ ፎቶ አንሺ ልሁን ማለቷን ሳነብ እልል አልኩ። «ያቺ አንቺ ዘንድ ያለችው፣ ሩቁን የምታቀርበው ርካሽ ካሜራ ትበቃታለች ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አዎ ወይም አይ ብዬ ልገላገል ብል አልሆነልኝም። ከካሜራዋ ጋር ያየሁትን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

የገዛኋት ለመጋረጃዎቼ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ የሰፋሁትን ሰው ቤት ተሰቅሎ ማየት ይፈልጋል። ሻጩ «እህቴ፣ ይቺ እኮ ጨረቃን ጓዳሽ ድረስ ታመጣልሻለች» ቢለኝ፣ ጨረቃ መጋረጃ አታሰፋም አልኩት። ለመጋረጃውስ ብዙም አልሆነችኝ። ቤት ውስጥ ብርሃን ካነሰባት ግራ ይገባታል፤ ነጩ ጨርቅ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ብልጭታዋን ስከፍት ደግሞ ሐሩ እንደ ላስቲክ ያብለጨልጫል። ስልኬ ይሻላል ብዬ ልመልሳት ነበር።

ባለቤቴ ከመስኮታችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ወዲያ ራቅ ብሎ በሚሠራው ሕንፃ ላይ ክሬን እንደሚያንቀሳቅስ ታውቂያለሽ። የሥራ ጓደኞቹ አሞራው ይሉታል። እኔ ግን ከተጋባን ጀምሮ እዚያ ላይ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ቀና ስል የሚታየኝ ቢጫ ብረትና የክብሪት ቀፎ የምታክል ክፍሉ ናት። ሲገባ «ሥራ እንዴት ዋለ?» እለዋለሁ፤ «ምን አለው፣ መቀመጥ ነው» ይለኛል። ቃል የሚቆጥብ ሰው መሆኑን ታውቂ የለ! እኔም መቀመጥ ነው ብዬ አምኜ ኖርኩ።

አንድ ጠዋት ጨርቅ ቆርጬ ስጨርስ ካሜራዋን ወደዚያ አዞርኳት። ሌንሷ እንደ ኤሊ አንገት ወጣ። መጀመሪያ ምስሉ ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ፤ ክሬኑ ገባ ስል ይወጣል፣ ባዶ ሰማይ ይቀረኛል። ክርኔን ስፌት መኪናው ላይ አሳርፌ ትንፋሼን ያዝኩ። እታለም፣ ፊቱ መጣልኝ! ያልተላጨው ጺሙ፣ ከወንበሩ ኋላ የሰቀለው እኔ የሠራሁለት ሹራብ፣ ሁሉም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ያ ዝምተኛ ሰው ያንጎራጉራል! እንዲያው አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ግድግዳ የሚያህል ኮንክሪት አንስቶ ሳለ ነፋስ ተነሳ። የሰፋሁት ሁሉ ከጠረጴዛው በረረ፤ እኔ ካሜራዋን አንስቼ ወደ እሱ አዞርኩ። ኮንክሪቱ መወዛወዝ ጀመረ፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ሊቀበሉ የቆሙት ሠራተኞች ወለሉ ላይ ተኙ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች ወጣችልኝ። «ምን ይታይሻል?» አለችኝ። «ፊቱ» አልኳት። «ፈርቷል?» «ኧረ አልፈራም።» እውነቴን ነው፤ የተኛ ሕፃን አልጋ ላይ ሊያሳርፍ እንደሚጎነበስ ሰው ነበር። ጭነቱ ወደሄደበት የክሬኑን ክንድ ቀስ ብሎ ያስከትላል፤ ሲመለስ ይመልሳል፤ ውዝዋዜው እያነሰ፣ እያነሰ ሄደና መሬት አስነካው። አንድም ሰው አልተቧጨረም። ጎረቤቴ አለቀሰች። መቀመጥ ነው ያለኝ ይህን ነው!

መቼም ቁልፉን መጫኔ አልቀረም፤ ካሜራዋ ግን የምታነሳውን ስትመርጥ ጊዜ ፈጀች። ሲያልፍ ባየው የክሬኑን ገመድ ጥርት አድርጋ አንስታዋለች፤ የባሌ ፊት ከኋላው ውሃ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ደብዝዟል። በጣም ተናደድኩባት።

ሲገባ ያችን የደበዘዘችውንም፣ ሲያንጎራጉር ያነሳሁትንም አሳየሁት። ብዙ አያት። «እዚያ ላይ ምን እንደምመስል አላውቅም ነበር» አለኝ። በማግስቱ እንደ ማፈር ብሎ «ዛሬ ላውሳት?» አለና ይዟት ሄደ። ለምሳ ሥራ ሲቆም ከላይ ሆኖ የኛን መስኮት አንስቷል። ሙቀቱ አየሩን አንቀጥቅጦት ጠርዝ ጠርዙ ቀልጧል፤ ቢሆንም እኔ ነኝ! በከንፈሬ የያዝኳቸው መርፌዎች ሳይቀሩ ይታያሉ። «ከዚያ ላይ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ አያለሁ» አለኝ፤ «ጨርቋ ነው፣ አለች እላለሁ። ጭነት ሳላነሳ በፊት ሁልጊዜ ወደዚያ አያለሁ።» ይህን ያህል ቃል ባንድ ጊዜ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። የተጣጠፈውን መጋረጃ ፈትቼ እንደገና አጣጠፍኩ።

ወደ ልጅሽ ነገር ልመለስ። አዳራሽ ውስጥ፣ በመብራት፣ ሰው ሲጨፍር ላንሳ ካለች ይቺ ታሳፍራታለች። ሌንሷም አይነቀልም፤ ነገ የተሻለ ብትፈልግ ካሜራውን ነው የምትቀይረው። ሜዳ ላይ፣ በፀሐይ፣ ኳስም ይሁን ሰልፍ ግን ማንንም ሳትጋፋ ከኋላ ቆማ የመጨረሻውን ሰው ፊት ታመጣለች። እጇን ማሳረፊያ ትፈልግ፣ አትቸኩል። ደግሞ እንደ እኔ እንዳትሳሳት፤ አንድ ቀን ሳላስበው በካሜራዋ የሰው በረንዳ ውስጥ ገብቼ፣ ብቻቸውን ተቀምጠው የሚያለቅሱ ሽማግሌ አይቼ ሳፍር ዋልኩ። ሩቁን ማቅረብ አደራ አለበት በያት። እኔን ከጠየቅሽኝ ዓይኗን ትግራባት፤ ሙያ አድርጌ ልኑርበት ስትል ሌላ ትፈልጋለች።

ትናንት ባለቤቴ መደገፊያ ያለው ወንበር ተሸክሞ እኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከ ወጣ። «ጀርባሽ ሲጎብጥ አየሁት» አለኝ። ይህን የምጽፍልሽ ወንበሩ ላይ ተደግፌ ነው።

የእማዬን ጉንጭ ሁለቴ ሳሚልኝ፤ የአባባን ጉልበት ሳሚና ራዲዮኑን ቀነስ ያድርጉት ብላለች በያቸው። ለባልሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺ። ለፎቶ አንሺዋ አክስትሽ ኮርታብሻለች በያት። ታናሽ ወንድሟንም ጆሮውን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ። አሞራውም ሰላም ብሏል፤ በቃል ሳይሆን ራሱን ነቅንቆ።

ታናሽሽ

ከመስኮቱ ሥር፣ ከስፌት ጠረጴዛዬ
ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኅዳር 14 ቀን