ቁጥር አትጠይቁ፣ ስም ጠይቁ

ጌትዬ፣

«እንደምን ሰነበትህ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው።

ልጃችንን በዚህ ደብዳቤ በስሙ አልጠራውም። ለምን እንደሆነ ስትጨርስ ይገባሃል። እንዳንተው ስታቲስቲክስ አስተማሪ ሆኖልህ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ከተዘጋ ወዲህ ግን እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ ጓዳ ተቀምጦ መጻሕፍትህን ያገላብጣል። ከቤት አይወጣም። ሲያስለው እንኳ አፉን በጋቢ ያፍናል።

ቤቱንስ ብትለኝ፣ ዝናቡ የኋላውን አጥር ጥሎታል። ሰው ጠርቼ ላሳጥር ስል ልጃችን ተዪው አለኝ። በዚያ በኩል መውጫ ይኑረን ማለቱ ነው፤ አልተናገረም እንጂ ገብቶኛል። የቡሬ መንገድ ዛሬ ተከፈተ ሲሉ ነገ ይዘጋል። ከጅጋ የሚመጡት ገበያተኞች ፀሐይ ሳይበረታ ሸጠው ይመለሳሉ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ሰዉ ወሬውን ያቋርጣል።

በቀደም ኔትወርክ ብቅ ሲል የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደወለልኝ፤ ያ አዲሱ የሚባለው፣ ተማሪህ የነበረው። ስታቲስቲክስ ከሒሳብ ጋር ሊቀላቀል ነው አለኝ። ጨርሶ ሳይረሳ ታሪኩን ልጻፈው፣ አጀማመሩን የሚያውቅ ከእርስዎ በቀር አልቀረም አለኝ። ሳቄ መጣ። የትምህርት ክፍል ታሪክ ከሚስት ሲጠየቅ ሰምተህ ታውቃለህ?

ያው የማውቀውን ነገርኩት። የተሰባበረ ወንበር የሚከመርበት ክፍል ተጠርጎ እንደተሰጣችሁ፣ ሰሌዳውን ከሒሳብ ክፍል ተውሰህ ከተማሪዎችህ ጋር ተሸክመህ እንዳመጣህ። ጎረቤቶቻችን ምን እንደምታስተምር ቢጠይቁህ «ቆጠራ» ብለሃቸው ስምህ «ቆጣሪው» ሆኖ ቀረ። መብራት ሲጠፋ «ቆጣሪው ቤት አለ?» እያሉ ሲቀልዱብህ ከሁሉም በላይ የምትስቀው አንተ ነበርክ።

ከዚያ የማንኩሳውን ነገርኩት። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችህ ገጠር ለገጠር ዞረው እናቶችን ስንት ልጅ አላችሁ ብለው ጠይቀው መጡ፤ ያመጡት ግን ከአካባቢው ትምህርት ቤት መዝገብ ጋር አልገጥም አለ። ሰነፎች ብለህ ተቆጣህና ራስህ ሄድክ፤ እኔንም አስከተልከኝ። እትየ ጥሩነሽ የሚባሉ ሴት ደጃፍ ተቀምጠን ስትጠይቃቸው፣ ልጆቹ ከበውን ቆመው እያየናቸው፣ አንዱን ቀንሰው ነገሩህ። አንድ አልዘነጉም ወይ ብትላቸው አዘኑብህ።

«ወንድሜ፣ ልጅና ከብት ይቆጠራል እንዴ? የተቆጠረ ይጎድላል። አንዱን ለእግዜር ትቼዋለሁ» አሉህ።

ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም፤ እናቴም እኛን ቆጥራ አታውቅም። ለአንተ ለደሴው ልጅ ግን አዲስ ሆነብህ። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ «ቁጥር አትጠይቁ፣ ስም ጠይቁ» ብለህ ጻፍክ። እናት ቁጥር ትሸሽጋለች እንጂ ልጇን በስሙ መጥራት ደስታዋ ነው፤ ስትጠራ ደግሞ አንዱንም አትዘልም። ከዚያ ወዲያ ተማሪዎችህ በየደጁ ቆመው መጀመሪያ ቤቱን ይመርቃሉ፣ ቀጥለው የቤቱን ሰው በስም ይጥሩልን ይላሉ፣ ቁጥሩን በሆዳቸው ይይዛሉ። ያችን የምትቀረዋን አንዷን «የእናት ጉድለት» ብላችሁ ስታስተምሯት ኖራችሁ።

አዲሱ የታሪኩ መክፈቻ አደርገዋለሁ አለኝ። ኮራሁብህ፣ ጌትዬ። ኩራቴ ግን ሳምንት አልሞላም።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ልጃችን ጓዳ ገባ። ደጅ የቆሙት ከማን እንደተላኩ አልነገሩኝም፤ በዚህ ጊዜ ማን ይጠይቃል። ወጣት ወንድ ያለበትን ቤት እየለዩ እንደሆነ ግን ሰምቼ ነበር። ከታችኛው ሰፈር የተወሰዱ አሉ፤ የተመለሰ አላየሁም። ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ ይሉኛል ብዬ መልሴን ካዘጋጀሁ ቆይቻለሁ። ብቻዬን ነኝ ልል ነበር።

ወረቀት የያዘው፣ አንደበቱ የለዘበው፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ።

«ቤትዎን ይባርከው፣ እናቴ። እስቲ የቤቱን ሰው በስም ይጥሩልን» አለኝ።

መልኩን አላውቀውም፤ አጠያየቁን ግን አውቀዋለሁ። እናቶች ሳይፈሩ እንዲናገሩ ብለህ ያወጣኸው ጥያቄ እኔን ሊያናግረኝ ደጄ ላይ ቆሟል። የልጃችን ስም ምላሴ ጫፍ ደረሰ። እናት ነኝና ሊያመልጠኝ ነበር።

የራሴን ስም ጠራሁ። እሱ ዝም ብሎ ጠበቀኝ፤ ዝም ብሎ መጠበቅንም ያስተማርካቸው አንተ ነህ። ዓይኑ ደፉ ላይ ወደተቀመጠው የወንድ ጫማ ሄደ። ያን ጊዜ የአንተን ስም ጠራሁ። ጌታሁን፣ ባለቤቴ፣ አልኩት። ፈረስ ቤት ዘመድ ሊጠይቅ ሄዷል፣ ይመለሳል አልኩት።

ስምህን ሲጽፍ እስክሪብቶው ቆም አለ። አስተማሪውን አስታውሶ ይሁን፣ መሞትህንም ሰምቶ ይሁን፣ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጽፎ ጨረሰና፣ ሲመለሱ እንመጣለን፣ ብሎኝ ሄደ። ያቺን «ስም ጠይቁ» ያልካትን አባባል ታሪኩ ውስጥ እንዳያስገባት ልለምነው ለአዲሱ ደጋግሜ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም።

ፈርቻለሁ፣ ጌትዬ። ይህ ደብዳቤ በሰው እጅ ሲገባ ልጃችን እዚህ አይኖርም፤ በወደቀው አጥር በኩል ይወጣል። ጫማውን አልሰጠሁትም፤ የአንተን አድርጓል፣ የእሱን አይተውታልና ደፉ ላይ ይቆያል። እኔም እቆያለሁ። መጥተው የቤቱን ሰው ጥሪ ሲሉኝ አንተን እጠራሃለሁ፤ በጠየቁኝ ቁጥር፣ እስትንፋሴ እስካለች ድረስ፣ ስምህ ከአፌ አይጠፋም። ሌላ አልጨምርም።

አንዱን ለእግዜር ትቼዋለሁ።