አርባ ክንድ መጋረጃ

መስከረም 5

የመጋረጃው ድር ዛሬ ተዘረጋ። አርባ ክንድ። ወለተ ሥላሴ ታማ ሳለች ለይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን የተሳለችው ነው፤ ሳታደርሰው አረፈች። የሚስቴን ስለት እኔ ካላደረስኩ ማን ያደርሳል? ንግሡ ጥቅምት 19። እሑዱ፣ በዓላቱ ሁሉና የስፌቱ ቀን ሲቀነስ፣ በቀን ሁለት ክንድ ካልሠራሁ አይሆንም።

ዘዴ አግኝቻለሁ። የቀኑን ጸሎት ሁሉ ሳይነጋ እጨርሳለሁ። ከዚያ ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ እገባና እስኪመሽ አልነሳም። ዛሬ አንድ ክንድ ተኩል። ወገቤ...

ጎረቤቴ አብዱልከሪምም ሸማኔ ነው። ሶላት ብሎ ሲነሳ፣ ሲቀመጥ፣ ሲነሳ... ሦስት ክንድ ሠርቶ ዋለ። እንዴት?

መስከረም 14

ጾም ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ዓይኔ ጨለመ። ጎትቶ ያወጣኝ አብዱልከሪም ነው።

«ምሥጋናው! መቃብርህን ራስህ ቆፍረህ ገባህበት?»



ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ነርሷ እድላዊት የደም ግፊቴን ለክታ ደነገጠች።

«አባባ፣ ኪኒንዎን ውጠዋል?»

«ጾም ነው።»

«ውኃስ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ?»

«ሦስት ቀን ሥራ የሚባል እንዳይነኩ!»

መስከረም 15

ተኝቼ መጋረጃውን አየሁት። የሰሞኑ ሥራ ላልቷል፣ ጥለቱም ተጣምሟል። ሦስት ክንድ ሊፈታ ነው። መቸኮሌ ምን ጠቀመ?

መስከረም 18

ለንስሐ አባቴ ለአባ ኢያቄም ሁሉን ተናገርኩ። የጸሎቱን ዘዴም ጭምር። ይቆጡኛል ስል ሳቁ።

«እግዚአብሔርን ጎሕ ሲቀድ አሰናብተህ ነው የምትውለው?»

«ጊዜ ለማትረፍ ነው፣ አባቴ።»

«ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት... አባቶች በከንቱ የከፋፈሉት መሰለህ? ቀኖናህ ይኸው፦ ሰዓቱ ሲደርስ ከጉድጓዱ ወጥተህ ቆመህ ትጸልያለህ። በጾም ቀንም ስድስት ሰዓት ላይ ቁራሽ ቀምሰህ መድኃኒትህን ትውጣለህ።»

«ጾሜስ?»

«ከሥጋና ከወተት ጹም፣ ልጄ። ከትዕቢትም።»

ትዕቢት... ወለተ ሥላሴ ታማ ሳለች እንኳ ከዚህ ጉድጓድ አልወጣሁም ነበር። «ትንሽ አጠገቤ ተቀመጥ» ስትለኝ «ይቺን ልጨርስ» እላት ነበር። አሁን በመጋረጃ ልክሳት ነው?

መስከረም 23

ጾም። ስድስት ሰዓት ላይ ቁራሼን በላሁ፣ ኪኒኔን ዋጥሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ። ሰው ያየኛል ብዬ አፈርኩ።

ወደ ግቢው ስወጣ አብዱልከሪም ለሶላት ይታጠባል።

«ኧረ! ዛሬስ እኩል ወጣን!»

«ምስጢርህን ልሰርቅ ነው።»

«ምስጢሬማ ጉልበቴ ነው። ካላፍታታሁት ይለግምብኛል።»

ሁለት ክንድ ከስንዝር። ሦስቴ ተነስቼ!

ጥቅምት 3

ሦስት ክንድ! ወገብ እንዳለኝ ረስቼ ዋልኩ።

እድላዊት ማመን አቅቷት ግፊቴን ሁለቴ ለካች።

«አባባ፣ ምን አገኙ?»

«ቀኖና» አልኳት።

ጥቅምት 14

አለቀ። አርባ ክንድ። አምስት ቀን ተርፎ! ነገ በአራት ተቆርጦ ጎን ለጎን ይሰፋል።

ከሰዓት በኋላ ምንም አልሠራሁም። ፎቶዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዘግይቼም ቢሆን።

ጥቅምት 20

የትናንቱን ልጻፍ።

በዋዜማው በእግሬ ነው የሄድኩት። አብዱልከሪም መጋረጃውን ተሸክሞ እስከ ዳገቱ ሥር ሸኘኝ። «ጥበቡ የኔ ነው በላቸው» እያለ። ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁት። ሁለቴ ብቻ አርፌ። እኔ፣ ያ ከጉድጓድ የተጎተትኩት!

መጋረጃው ዋሻው ውስጥ ተሰቀለ። ካህኑ «የማን ስለት ነው?» አሉ።

«የወለተ ሥላሴ።»

ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔም አብሬ እልል አልኩ። ሰው ዞሮ አየኝ። ይየኝ!

ቀኑ ጾም ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጽድ ዛፉ ሥር፣ በዚያ ሁሉ ጿሚ ምእመን መሐል ቁራሼን አወጣሁ። ኪኒኔንም። በውኃ ዋጥሁት።

አላፈርኩም።